ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ትውከት ሲመጣ፦ የአንድ የሀዋሳ ፋርማሲ የምክር አገልግሎት

በሀዋሳ፣ ከሪፈራል ሆስፒታሉ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ አንድ ፋርማሲ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ደንበኞቹ ስለሚሰጠው አገልግሎት ነው የምጽፈው። ባለቤቶቹ ስማቸው በጽሑፍ እንዳይወጣ ስለጠየቁ ስሙን አልጠቅስም። የ11 ዓመት ልጄ ካርባማዜፒን የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት መውሰድ ከጀመረች ጥቂት ጊዜ በኋላ መድኃኒቷን ከዚህ ቤት መግዛት ጀመርን፤ ከዚያ በፊት በከተማው ውስጥ ከሌሎች ፋርማሲዎችም ስለገዛን ለማነጻጸር አልቸገርም። ዋጋው ከሌሎቹ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ መደርደሪያውም የተለየ ነገር የለበትም። ልዩ የሚያደርገው፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚገዛ ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ አንድ ጉዳይ አንስቶ የሚያስረዳ መሆኑ ነው፤ ታማሚው ክኒኑን ውጦ ብዙም ሳይቆይ ቢያስመልሰው ቤተሰቡ ምን ማድረግ አለበት?

ጥያቄው ትንሽ የሚመስለው ነገሩ ቤቱ ላልገባበት ሰው ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚሠራው በደም ውስጥ ያለው መጠን ብዙ ሳይዋዥቅ ሲቆይ ነው፤ ተቆጣጥሮት የቆየ ሕመም እንደገና እንዲነሳ ከሚያደርጉት ምክንያቶች መካከል ዋነኛው መድኃኒት መቋረጡ መሆኑን ሐኪሞች ደጋግመው ይናገራሉ። ትውከት የሚመጣው ደግሞ ብቻውን አይደለም። ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመብላትና የሰውነት ፈሳሽ መቀነስ አብረውት ይመጣሉ፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው ሕመሙን የሚቀሰቅሱ ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከሁሉም ጊዜ በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ሆድ ውስጥ አልቆይ ይላል። ወላጅ በዚያች ሰዓት ሁለት ፍርሃት ይይዘዋል፤ ካልደገመ ልጁ እንዳይወድቅበት፣ ከደገመ ደግሞ መድኃኒቱ እንዳይበዛበት። ሁለቱም ፍርሃቶች መሠረት ያላቸው ስለሆኑ መልሱ በግምት የሚሰጥ አይደለም።

ከዚህ በፊት ከምንገዛባቸው ፋርማሲዎች በአንዱ ይህንኑ ጥያቄ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ካስመለሳት ድገሙላት» የሚል ብቻ ነበር፤ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደምትወስድ፣ ክኒኑ በትውከቱ ውስጥ ታይቶ እንደሆነ የጠየቀኝ አልነበረም። እንዲህ ያለ አጭር መልስ ለአንዱ ታማሚ ትክክል ሆኖ ለሌላው አደገኛ ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት እዚህ ቤት ከመጣሁ በኋላ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ማዘዣ ይዞ ለሚመጣ ሰው ፋርማሲስቷ አንድ መዝገብ ትከፍታለች። የታማሚውን ዕድሜና ክብደት፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የአንዱን ፍሬ መጠን፣ የአምራቹን ስም፣ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት ካለም እርሱን ትመዘግባለች። ከዚያ የሚወሰድበትን ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግራ ትወስናለች። ለእኛ የተመረጠው ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ነው፤ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ሁለቱም ጊዜ አንድ ቁጥር ላይ ስለሚውል ለማስታወስ ይመቻል፣ ሃያ አራቱን ሰዓትም በትክክል ለሁለት ይከፍላል። በመጨረሻ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጠንካራ ወረቀት ላይ ስለ ትውከት የሚናገሩ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን በእጇ ጽፋ፣ ጮክ ብላ አንብባ ትሰጣለች። አንብባ ብቻም አትተወውም፤ «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያስመልሳት ምን ያደርጋሉ?» ብላ ትጠይቃለች። ከገጠር የመጡ አንድ አባት ቆመው ሲጠብቁ ያንኑ ማብራሪያ በሲዳምኛ ስትደግምላቸውና እርሳቸውም መልሰው ሲነግሯት ሰምቻለሁ። ቋንቋውን ባላውቀውም መልሳቸው ትክክል እንደነበረ ከፊቷ ለመረዳት ችያለሁ።

የወረቀቱ ይዘት የሚከተለው ነው። መድኃኒቱ ከተዋጠ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ካስመለሰ፣ ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ መድገም፤ 30 ደቂቃ ካለፈው አለመድገምና የሚቀጥለውን መድኃኒት በተለመደው ሰዓቱ መስጠት፤ የተደገመውንም ካስመለሰ ለሦስተኛ ጊዜ አለመሞከርና ወዲያውኑ ባለሙያ ማማከር። ከዚህ ሥር፣ የሚከታተለው ሐኪም የተለየ መመሪያ ከሰጠ የሐኪሙ እንደሚበልጥ ተጽፏል። የ30 ደቂቃው መለኪያ የእርሷ ፈጠራ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ልጆቻቸው እነዚህን መድኃኒቶች ለሚወስዱ ወላጆች በሚዘጋጁ መመሪያዎች ላይም ይኸው ይገኛል። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ ክኒን ሆድ ውስጥ ሟሙቶ ወደ አንጀት እየተላለፈ ወደ ደም ለመግባት ጊዜ እንደሚወስድ፣ ትውከቱ ቶሎ ከመጣ አብዛኛው እንደሚወጣ፣ ከዘገየ ግን ምን ያህሉ እንደገባ በዓይን ማወቅ እንደማይቻል አስረዳችኝ። ክኒኑ ሙሉ ሆኖ በትውከቱ ውስጥ ከታየ ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ ስለዚህ ቢቀፍም ማየት ተገቢ ነው። ሽሮፕ ለሚወስዱ ሕፃናት ግን ይህ ምልክት ስለማይገኝ ሰዓቱ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ በመሆኑም መድኃኒቱ የተሰጠበትን ደቂቃ መመዝገብ ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

እኔ ይህን አገልግሎት ከፍ አድርጌ የማየው ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። መድኃኒቶቹ በደም ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ በጣም ይለያያል። ሌቬቲራሴታም በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ በግማሽ ሲቀንስ፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ካርባማዜፒን ከ12 እስከ 17 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውና በመንግሥት ጤና ተቋማት በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ደግሞ በግማሽ ለመቀነስ ከ2 እስከ 5 ቀን ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ፌኖባርቢታል ለሚወስድ ሰው አንድ ጊዜ ማስመለስ እምብዛም የማያናጋው ሲሆን፣ ሌቬቲራሴታም ለሚወስደው ግን ሁለት ተከታታይ ጊዜ ማጣት ብዙ ነው። ፌኒቶይን ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል፤ ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት አቅም ቶሎ ስለሚሞላ፣ መጠኑ ጥቂት ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ክምችት ከተጨመረው በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። በጥርጣሬ እየደጋገሙ መስጠት የዓይን ኳስ ያለፈቃድ መንቀጥቀጥን፣ ሚዛን መሳትንና የአንደበት መተሳሰርን ያስከትላል፤ ራሱ ትውከትም ያመጣል። ፋርማሲስቷ ፌኒቶይን ለሚወስዱ ሰዎች በሚሰጠው ወረቀት ላይ «ካልተረጋገጠ አይደገም፤ ይደወል» የሚለውን ከሥሩ አስምራ ትጽፋለች።

ሌላም አለ። ትውከት ሁልጊዜ የሆድ ሕመም ውጤት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ካርባማዜፒን ሲበዛ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ያመጣል። ሌላውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ሶዲየም ቫልፕሮዬትን በሚወስድ ሰው ላይ፣ በተለይ በሕፃናትና በሕክምናው የመጀመሪያ ወራት፣ የማያቋርጥ ትውከት ከድካምና ከእንቅልፍ ብዛት ጋር ወይም ከዓይን ቢጫ መሆን ጋር ሲመጣ የጉበት ጉዳት፣ ከከባድ የሆድ ሕመም ጋር ሲመጣ ደግሞ የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ክኒኑን ልድገም ወይስ አልድገም እያሉ ቤት መቆየት አይገባም፤ ሰዓቱ የሆስፒታል ነው። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ የሽያጭ መስኮት ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ሰውን ሳያስደነግጡ ማስረዳት ችሎታ ይጠይቃል። ይህች ባለሙያ ችሎታው አላት።

በእኛ ቤት ወረቀቱ ሥራ ላይ የዋለው ልጄ በበላችው ምግብ ሆዷ በተረበሸ ጊዜ ነው። የማታውን ክኒን ከዋጠች ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሆናት ወደ ላይ አላት፤ ክኒኑም ግማሹ ሟሙቶ ይታይ ነበር። በወረቀቱ መሠረት ጥቂት አሳርፈን፣ ማቅለሽለሹ ጋብ ሲልላት ያንኑ መጠን በትንሽ ውሃ ደገምንላት፤ እርሱም ቆየላት። ሌሊቱን ግን ተቅማጥ ተጨመረ፤ የጠዋቱን ክኒን ገና እንደዋጠች አስመለሰች፤ የተደገመውንም አልያዘችውም። ወደ ፋርማሲው ስንደውል ፋርማሲስቷ የጠየቀችን ጥያቄዎች አጫጭርና ቅደም ተከተል ያላቸው ነበሩ፤ መቼ ዋጠች፣ መቼ አስመለሰች፣ ሽንት ከሸናች ምን ያህል ጊዜ ሆናት፣ ስትጠሯት በደንብ ትመልሳለች ወይ፣ ትኩሳት አላት ወይ። ከዚያ «ሌላ ክኒን አይስጧት፤ አሁን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ የመድኃኒቱን እሽግና ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ገና በሩ ላይ ተናገሩ» አለችን። በባጃጅ ወሰድናት። የመጨረሻውን ምክር ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም በድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ያስመለሳት ልጅ ከብዙ ያስመለሳቸው ልጆች እንደ አንዷ ነው የምትታየው፤ የጠዋት መድኃኒቷን ያጣች የሚጥል በሽታ ታማሚ መሆኗ ሲነገር ግን ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ግሉኮስ ተሰቀለላት፤ የማስመለሻ ማስታገሻ ሐኪሙ መርጦ ሰጣት፤ ከሰዓት በኋላ ካርባማዜፒኗን ዋጠች፤ ቆየላትም። ሕመሙ አልተነሳባትም። ይህ ሁሉ የፋርማሲው ውጤት ነው ብዬ አልደመድምም፤ ሌላ ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ ልትወድቅ ትችል ነበር። በዚያች ሌሊትና ጠዋት ግን ምን እንደምናደርግ እናውቅ ነበር።

ስለ ካርባማዜፒን እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህንንም የሰማሁት ከዚሁ ቤት ነው። መድኃኒቱ በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ ያለውን የጨው መጠን ዝቅ ያደርጋል፤ የጨው መጠን በጣም ዝቅ ማለት ደግሞ ማቅለሽለሽንም መውደቅንም ያመጣል። ስለዚህ ያስመለሰና ያስቀመጠ ታማሚ ውሃ ብቻ እየጋቱ ማቆየት ተገቢ አይደለም፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦአርኤስ፣ በእሽጉ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ በጥብጦ በማንኪያ ቀስ እያሉ መስጠት ነው የሚሻለው። ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ጠብቆ፣ ከበፊቱ ይበልጥ ቀስ ብሎ እንደገና መጀመር ይገባል።

ፋርማሲው ሌላው የሚመሰገንበት ነገር የማይሸጠው ነው። በከተማችን ለሆድ ሕመም ያለ ማዘዣ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ነው፤ እዚህ ቤት ግን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ ከተመዘገበ፣ ለትውከትም ለተቅማጥም የሚጠየቅ መድኃኒት ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ፀረ-ባክቴሪያ የሆነው ሲፕሮፍሎክሳሲን የመውደቅ ዝንባሌን ሊጨምር ይችላል። እንደዚሁ ፀረ-ባክቴሪያ የሆኑት ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ካርባማዜፒን በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋሉ። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለባቸው የጨጓራ ማስታገሻዎች ከፌኒቶይን ጋር አብረው ሲወሰዱ መድኃኒቱ በደንብ እንዳይገባ ያደርጉታል። ለማስመለስ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድም የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ያለ ሐኪም የሚወሰድ አይደለም፤ በልጆች ላይ የአንገትና የፊት ጡንቻን እያጣመመ ሕመሙ የተነሳ የሚያስመስል ችግር ሊያመጣ ይችላል። አንድ ወጣት ለእናቱ ሲፕሮፍሎክሳሲን ሊገዛ መጥቶ ተከልክሎ ሲቆጣ አይቻለሁ፤ ፋርማሲስቷ ድምፅዋን ሳትለውጥ ምክንያቱን አስረድታው ወደ ሐኪም ላከችው። ሌላ ቦታ ሄዶ እንደሚገዛ ታውቃለች፤ ያም ሆኖ ገንዘቡን ትታለች።

ወባም ይነሳል። ሀዋሳ ወባ የሚታይባት ከተማ ስለሆነች ትኩሳትና ትውከት ሲጣመሩ የደም ምርመራ ሳይደረግ ሆድ ነው ብሎ መተው አይገባም። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን በደም ውስጥ ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ የወባው መድኃኒትም ሲያስመልስ የሚደገምበት የራሱ የጊዜ መለኪያ ስላለው በ30 ደቂቃው መለኪያ አይዳኝም። ለመርማሪው ሐኪም የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ መንገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እርጉዝ ሴቶችን በሚመለከት የሚሰጠው ምክር አጭርና ጥብቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጠዋት ማስመለስ ሲበረታ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቆም እንደማይገባ፣ ማስመለሱ ወደሚቀንስበት ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ይነገራቸዋል፤ ቫልፕሮዬት የምትወስድ ከሆነ በፅንሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሌሎቹ ስለሚበልጥ ሳትዘገይ ወደ ሐኪሟ እንድትሄድ፣ እስከዚያው ግን በድንገት እንዳታቋርጥ ይመከራል።

ጠበልን በሚመለከት የተሰጠው ምክር በተለይ ደስ ብሎኛል። ብዙ ቤተሰብ ታማሚውን ጠበል ይወስዳል፤ በማለዳ በባዶ ሆድ ጠበል ጠጥቶ ማስመለስም የታወቀ ነው። የጠዋቱን ክኒን ውጦ ወደ ጠበል የሄደ ሰው መድኃኒቱን እዚያው ጥሎት ይመለሳል፤ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ታማሚው መድኃኒት እየወሰደ እንዳልወሰደ ይሆናል፤ ቤተሰቡም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይተወዋል። ፋርማሲስቷ ማንንም ጠበል አትሂዱ አትልም። እናቴ ስለዚህ ጉዳይ ሲጠይቋት «እማማ፣ ጠበሉን መጀመሪያ ትጠጣ፤ ሆዷ ሲረጋ ክኒኗን ትዋጥ፤ ሰዓቱ ብዙ እንዳያልፍ ብቻ በማለዳ ሂዱ፤ ለነፍስ አባታችሁም መድኃኒት ላይ መሆኗን ንገሯቸው» ነበር ያለቻቸው። እናቴ ይህን ምክር ያለ ቅሬታ ተቀበሉ፤ ከመድኃኒትና ከጠበል አንዱን እንዲመርጡ ቢጠየቁ ኖሮ የትኛውን እንደሚመርጡ አውቃለሁ። በረመዳን የሚጾሙ ደንበኞችም የሱሑርና የኢፍጣር ሰዓት በመድኃኒቱ መካከል ያለውን ርቀት ስለሚያዛባ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውን እንዲያነጋግሩ ይነገራቸዋል።

በወረቀቱ ጀርባ ሕመሙ ሲነሳ የሚደረገው ተጽፏል፤ ይህም ከትውከት ጋር የተያያዘ ነው። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ሊያስመልሰው ስለሚችል በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አለማስገባት፣ ውሃም ክኒንም አለመስጠት፣ ሰዓት መያዝ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም እንደማይጠቅምና ሊያቃጥለው እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል፤ በአካባቢያችን አሁንም የሚደረግ ነገር ስለሆነ መጻፉ ተገቢ ነው። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከተደጋገመ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

አሁን ወደ አቅርቦቱ ልለፍ። አንድ ክኒን በተደገመ ቁጥር ወር ሳይሞላ አንድ ክኒን ይጎድላል፤ በተለይ ፌኖባርቢታል በልዩ ማዘዣ የሚሰጥ በመሆኑ ጎደለ ብሎ ሄዶ መግዛት አይቻልም። ይህን አስቀድሞ አስቦ የጥቂት ቀን መጠባበቂያ በማዘዣው ላይ እንዲካተት ለሐኪሙ ማሳሰብ እንደሚገባ የነገረን ይህ ፋርማሲ ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ የአምራቹ ስም መስፈሩም ለከንቱ አይደለም፤ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ከአንድ አምራች ወደ ሌላ ሲቀየሩ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ለውጥ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ በተቻለ መጠን ያንኑ ያቀርባሉ፤ ሲያልቅባቸውም ሳይናገሩ ሌላ አይሰጡም። ካርባማዜፒን እርጥበት ባለበት ቦታ ሲቀመጥ ኃይሉን እስከ አንድ ሦስተኛ ሊያጣ እንደሚችል ነግረውን ከመታጠቢያ ክፍል ቁም ሳጥን አውጥተን ደረቅ ቦታ አስቀምጠነዋል። የቫልፕሮዬትን ሽፋን ያለው ክኒንና ቀስ እያለ የሚለቀቀውን ካርባማዜፒን ለሚያቅለሸልሸው ልጅ ይቀላል ብሎ መፍጨት ወይም ማኘክ እንደማይገባም በእሽጉ ላይ ይጽፋሉ።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። ከሁሉ የሚከፋው የምክሩ ቦታ ነው። ሁሉም ነገር የሚነገረው በሽያጭ መስኮቱ ላይ፣ ከኋላ ሰው ተሰልፎ እየሰማ ነው። ስለሚጥል በሽታ በኅብረተሰባችን ውስጥ ያለው አመለካከት ገና ስላልተለወጠ፣ ያገባች ወይም ልታገባ ያለች ወጣት፣ ሥራ የሚፈልግ ወንድ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግብ ወላጅ ይህ ስም በሰው ፊት ሲጠራ ይሳቀቃል። ፋርማሲስቷ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ትጥራለች፤ ሆኖም መድኃኒቱ የተጻፈበትን ማዘዣ ሰጥታ ዝም የምትል ደንበኛ ብዙ ጊዜ ጥያቄዋን ሳትጠይቅ እንደምትሄድ አስተውያለሁ። ከመጋዘኑ ጎን ያለችው ጠባብ ቦታ በመጋረጃ ብትከለልና ሁለት ወንበር ቢቀመጥባት የዚህ አገልግሎት ዋጋ እጥፍ ይሆናል። ይህን ለባለቤቶቹ ተናግሬ እንደሚያስቡበት ነግረውኛል።

ሁለተኛው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ፋርማሲው ማታ ይዘጋል፤ ስልኩም ከመዝጊያው በኋላ አይነሳም። ትውከት የሰው ሰዓት አይጠብቅም፤ የማታው ክኒን የሚዋጠውም ሊዘጋ ሲል ነው። ፋርማሲስቷም ቤተሰብ ያላት ሰው ስለሆነች ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ታንሳ አልልም፤ ግን በወረቀቱ ላይ ከፋርማሲው ስልክ ቀጥሎ ሌሊት ክፍት የሆነ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስልክ ቢጻፍ ክፍተቱ ይጠብ ነበር። ሦስተኛው፣ የወረቀቱ ጽሑፍ በአማርኛ ብቻ መሆኑ ነው፤ በሲዳምኛና በወላይትኛ በቃል የሚነገረው በጽሑፍም ቢኖር ወረቀቱን ወደ ቤት የሚወስደው ሰው ማንበብ ከሚችል ጎረቤት ጋር ይጠቀምበታል። አራተኛው፣ የልጆች ሽሮፕ ብዙ ጊዜ አለመገኘቱ ነው፤ ይህ የከተማው ሁሉ ችግር ስለሆነ በዚህ ቤት ብቻ አልፈርድም። በተረፈ ግን ፋርማሲስቷ በሌለችበት ቀን የሚተካት ልጅ መድኃኒቱን ቆጥሮ ከመስጠት ያለፈ ማብራሪያ አይሰጥም፤ አገልግሎቱ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ መቆሙ ያሳስበኛል።

ልጁ፣ ባለቤቱ ወይም ወላጁ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ የሀዋሳና የአካባቢዋ ነዋሪ ሁሉ፣ ታማሚው ደህና በሆነበት ቀን፣ ሳይቸኩል፣ ወደዚህ ቤት ወይም ይህን ምክር ለመስጠት ፈቃደኛ ወደሆነ ሌላ ፋርማሲ እንዲሄድ አጥብቄ እመክራለሁ። ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ የሆስፒታሉ ወረፋ ወደዚያ ስለሚፈስ ቦታው ይጨናነቃል፤ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ወዲህ ያለው ጊዜ ለመነጋገር ይመቻል። ሲሄዱ የመጨረሻውን ማዘዣ፣ የሚወሰደውን መድኃኒት ባዶ እሽግ፣ በተጨማሪ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ሁሉና የታማሚውን የቅርብ ጊዜ ክብደት ይዘው ይሂዱ። ማታ ማታ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው አያት ወይም ታላቅ እህት ከሆነች፣ መሄድ ያለባት እርሷ ናት።